ጉንዳን የምትመስል ሸረሪት «ሰምና ወርቅ» ናትን? ስለ አንድ ንጽጽር የቀረበ ሂስ

ደብረ ኤልያስ በጎጃም ከታወቁት የቅኔ አገሮች አንዱ ነው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው አድባራት መካከል ይቈጠራል። ከዚህ አገር የመጣ ተማሪ ወደ ሥነ ሕይወት ትምህርት ገብቶ፥ በአካሏ ሸረሪት ሆና በመልኳ ጉንዳን ስለምትመስል ፍጥረት ሲነገረው፥ በአፉ ቀድሞ የሚመጣለት ቃል «ሰምና ወርቅ» የሚለው ነው። ላይዋ ጉንዳን፥ ውስጧ ሸረሪት፤ እንግዲህ ሰሙ ጉንዳን፥ ወርቁ ሸረሪት ይሆናል ማለት ነው። ንጽጽሩ ያማረ ነው፤ ለማስታወስም ይመቻል። ነገር ግን ያማረ ንጽጽር ሁሉ የተስተካከለ ንጽጽር አይደለምና፥ የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህን አባባል በሁለቱም ወገን፥ ማለት በፍጥረቷም በቅኔውም ወገን፥ መመርመር ነው።

ጉዳዩ የቃል ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል፥ በዚህ ንጽጽር ምክንያት ሁለት ነገሮች እንደሚበላሹ አስቀድሜ ልግለጽ። አንደኛ፥ ስለ ሸረሪቷ ተለይቶ ሊነገር የሚገባው ነገር በአንድ ቃል ይደፈናል፤ ጉንዳን መስላ ከጠላት የምትሸሸገውና ጉንዳን መስላ ጉንዳን የምትበላው እንደ አንድ ይቈጠራሉ። ሁለተኛ፥ ሸረሪቷ አታላይ ስለሆነች፥ ከእርስዋ ጋር የተነጻጸረው ቅኔም የማታለል ጥበብ መስሎ ይቀራል። ከሁለቱ ጉዳቶች ሁለተኛው ይብሳል፤ ምክንያቱም ስለ ሸረሪት የተሳሳተ ሰው ነገ አይቶ ይታረማል፤ ስለ ገዛ ባህሉ የተሳሳተ ግን በቶሎ አይታረምም።

አስቀድሞ ስለ ፍጥረቷ። ጉንዳን ከሚመስሉት ሸረሪቶች ይበልጥ የታወቀው ሚርማራክኔ የሚባለው ወገን ሲሆን፥ ዘላይ ሸረሪቶች ከሚባለው ቤተ ሰብ ይመደባል። ስሙ የወጣለት በ1839 ዓ.ም. ነው፤ በግሪክኛም «ጉንዳን ሸረሪት» እንደ ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ሥራዎች ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው።) እንደሚታወቀው ሸረሪት ስምንት እግር ሲኖራት ጉንዳን ያለው ስድስት ነው። ሸረሪት በራሷ ላይ መዳሰሻ ቀንድ የላትም፤ ጉንዳን ግን ሁለት አለው። የሸረሪት አካል በሁለት፥ የጉንዳን በሦስት ይከፈላል። ሚርማራክኔ እነዚህን ልዩነቶች አንድ በአንድ ትሸፍናቸዋለች። የፊተኛው የአካሏ ክፍል መካከሉ ሰርጎ ራስና ደረት የተለያዩ ያስመስላል፤ ወገቧ ይቀጥናል፤ የፊት እግሮቿን አንሥታ እንደ መዳሰሻ ቀንድ ታወዛውዛቸዋለች፤ አካሄዷም እንደ ጉንዳን ወዲህና ወዲያ የሚል ነው።

ስለ እግሮቿ አንድ ትኩረት የሚገባው ነገር አለ። ሸረሪቷ ሁለቱን እግሮች ለቀንድነት ትታ በስድስቱ ብቻ ትሄዳለች ተብሎ ሲነገር ቈይቶአል። ፖል ሻምብልና ባልደረቦቹ በ1 ሴኮንድ ብዙ ሥዕል በሚያነሣ ካሜራ መርምረው በ2017 ዓ.ም. ያወጡት ጽሑፍ ግን ነገሩን አስተካከለው። ሸረሪቷ የምትሄደው በስምንቱም እግሮቿ ነው፤ የፊት እግሮቿን ከፍ የምታደርገው የሴኮንድ አንድ ዐሥረኛ ለሚያህል ጊዜ ቆም ስትል ነው። ቆሙም ሲበዛና ሲፋጠን፥ አጥርቶ ለማየት ፍጥነት የሌለው ዓይን ዘወትር የተነሣ ቀንድ ያየ ይመስለዋል። እንግዲህ መልኩ የተሟላው በሸረሪቷ አካል ብቻ ሳይሆን በተመልካቹ ዓይን ድክመት ጭምር ነው። ይህን ነገር አንባቢው እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

ስለ ወገኗ መኖሪያ ሲነገርም ጥንቃቄ ያሻል። በአፍሪካ ያሉትን የሚርማራክኔ ዐይነቶች ፍሬድ ዋንለስ በ1978 ዓ.ም. በሰፊው አጥንቶ ሲያወጣ፥ የጥናቱ ርእስ «በኢትዮጵያ ክልል» የሚል ቃል ነበረበት። ይህን ርእስ ያየ የደብረ ኤልያስ ተማሪ፥ የገዛ አገሩ ሸረሪቶች በስም ተቈጥረው የተጻፉ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን በእንስሳት ጂኦግራፊ «የኢትዮጵያ ክልል» ሲባል የኖረው ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ በሙሉ ነው። ፊሊፕ ስክሌተር በ1858 ዓ.ም. ዓለምን በወፎቿ ሲከፍል ይህን ስም ሰጠው፤ አልፍሬድ ዋላስም በ1876 ዓ.ም. በመጽሐፉ አጸናው። በ1977 ዓ.ም. ሌላ ስም እንዲተካለት ጥያቄ ቀርቦ፥ ዛሬ የአፍሪካ ሞቃት ክልል በሚል ትርጉም ይጠራል። ስሙ የእኛ፥ ይዘቱ ግን የግማሽ ክፍለ ዓለም ነው። ስለዚህ ከዚያ ርእስ ተነሥቶ «ይህች ሸረሪት በጎጃም እንዳለች ተጽፎአል» ማለት፥ ሸረሪቷን ጉንዳን ናት ብሎ ከማለፍ የማይለይ ስሕተት ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ፤ ሸረሪት ጉንዳን መምሰል ለምን አስፈለጋት? ጉንዳን ትንሽ ቢሆንም የሚደፈር ፍጥረት አይደለም። ይነክሳል፤ አንዳንዱ ይነድፋል፥ አንዳንዱ የሚያቃጥል አሲድ ይረጫል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንዱን የነካ ከመንጋው ጋር ይጣላል። ስለዚህ ትናንሽ ነፍሳትን ለቅመው የሚበሉ ብዙዎቹ አጥቂዎች፥ ተርቦችና ሌሎች ዘላይ ሸረሪቶች ሳይቀሩ፥ ጉንዳንን ያልፉታል። ጉንዳንን የምትመስል ሸረሪትም በዚያው ፍርሃት ጥላ ሥር ታልፋለች። እንዲህ ያለውን መመሳሰል በአማዞን ቢራቢሮዎች ላይ ተመልክቶ ያስረዳው ሄንሪ ዋልተር ቤትስ ነው፤ ጽሑፉም በ1862 ዓ.ም. ታትሞአል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። አብዛኞቹ የሚርማራክኔ ዐይነቶች ጉንዳንን አይበሉም። ምግባቸው ሌላ ትንንሽ ነፍሳት ነው። እንዲያውም ጉንዳን ሲመጣባቸው ይሸሻሉ፤ ጉንዳኑ ሸረሪትን ካገኘ ይበላታልና። ስለዚህ «የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ» የሚለው የወንጌል ምሳሌ ለእነዚህ አይስማማም። ከአጥቂዎቻቸው አንጻር ካየናቸው፥ የተኩላ ለምድ ለብሰው በተኩላ መካከል ሳይሆን በተኩላ ዳር ዳር የሚሄዱ በጎች ናቸው።

ጉንዳንን መስለው ጉንዳንን የሚበሉም በእውነት አሉ። በምግብ ላይ ለመድረስ ሲባል የሚደረገውን መመሳሰል ለይታ በ1889 ዓ.ም. የጻፈችው አሜሪካዊቷ ኤልሳቤጥ ፔካም ናት። በእስያና በአውስትራልያ አሚሲያ የምትባል ሸረሪት አለች፤ ቅጠል በሐር ሰፍተው ጎጆ የሚሠሩትን ኢኮፊላ የሚባሉ ጉንዳኖች በመልክ ትመስላለች፥ እነርሱንም ታድናለች። በብራዚል አፋንቶኪሉስ የምትባለው ደግሞ ጀርባው ጠንካራ የሆነውን ጥቁር ጉንዳን መስላ ትገድለዋለች፤ ከገደለችውም በኋላ ሬሳውን እንደ ጋሻ ከፊቷ ይዛ ትሄዳለች። ስለዚህች ሸረሪት ኦሊቬራና ሳዚማ በ1984 ዓ.ም. ጽፈዋል።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የአውስትራልያዋ ኮስሞፋሲስ ቢታኒያታ ነገር ነው። ይህች ዘላይ ሸረሪት በኢኮፊላ ጎጆ አካባቢ እየኖረች የጉንዳኖቹን እጭ ከትናንሾቹ ሠራተኞች አፍ ተቀብላ ትበላለች። ጉንዳኖቹም አያባርሯትም። ምክንያቱን ማርክ ኤልጋርና ራሔል አለን በ2004 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ አስረድተዋል፤ ሸረሪቷ ከምትበላው እጭ የዚያን ቤት ሽታ ታገኛለች፤ በሽታዋም የቤቱ ልጅ ትሆናለች። ይህ የሆነው ብዙዎቹ ጉንዳኖች እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁት በዓይን ሳይሆን በሽታና በመዳሰስ ስለሆነ ነው። በአፍሪካ በሰልፍ የሚጓዙት ዶሪለስ የሚባሉት ጉንዳኖች ሠራተኞቻቸው ጭራሽ ዓይን የላቸውም። ታዲያ ዓይን ለሌለው ጉንዳን የጉንዳን መልክ ምን ያደርግለታል? መልክ ለዓይናማው አጥቂ፥ ሽታ ለጉንዳኑ፤ እያንዳንዱ ሽፋን የራሱ ተቀባይ አለው።

ከዚህ በላይ ከተነገረው ሦስት ነገር ይለያል። መልኳን ለሌላ አጥቂ አዘጋጅታ ጉንዳንን የማትነካ አለች፤ ሽታዋ ለጉንዳን የሆነ አለች፤ ጉንዳን መስላ በዚያው በጉንዳን መካከል የምታድንም አለች። ሦስቱን በአንድ ጆንያ ከትቶ «አስመሳይ» ብሎ ማሰር ለስብከት ይመች ይሆናል፤ ለዕውቀት ግን አይመችም። ፍጥረትን ሳይመረምሩ ለምሳሌ ማድረግ ደግሞ የቈየ ልማድ ነው። ከግሪክኛ ወደ ግእዝ የተመለሰውና ፍሪትስ ሆምል በ1877 ዓ.ም. ያሳተመው ፊሳልጎስ የሚባለው መጽሐፍ የአራዊትን ጠባይ እየጠቀሰ ምስጢር ያወጣለታል። በዚህ መጽሐፍ ወግ ከአንበሳና ከጉንዳን የተወለደ አውሬ ይነገራል፤ በአባቱ ጠባይ እህል፥ በእናቱ ጠባይ ሥጋ ስለማይበላ በረኃብ ይሞታል። ትምህርቱ ሁለት ልብ ስላለው ሰው ነው፤ ትምህርቱም መልካም ነው። ይሁን እንጂ ተሸካሚው አውሬ የለም። በአንጻሩ በእውነት ያለችው፥ ጉንዳንም መሳይ ጉንዳንም በላ የሆነችው ሸረሪት፥ በሁለት ጠባይዋ ጠግባ ታድራለች።

አሁን ወደ ቅኔው እንመለስ። ሰምና ወርቅ የሚለው ስያሜ የመጣው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ጌጥ አስቀድሞ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በቦታውም ወርቁ ይፈስሳል። በቅኔም እንዲሁ ሰሚው መጀመሪያ ሰሙን ይሰማል፤ ኋላ ግን ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ያገኛል። ይህን ሥርዓት ከሸረሪቷ ጋር ብናስተያይ ቢያንስ በሦስት ነገር ይለያያሉ።

አንደኛ፥ ቅኔ የሚቀርበው ወርቁ እንዲገኝ ነው። ተማሪው በነገራ ጊዜ ቅኔውን ለየኔታ ሲያቀርብ፥ ወይም ባለቅኔው በማሕሌት ቆሞ ሲቀኝ፥ ወርቁ ሳይገኝ ቢቀር ደስ አይለውም፤ ድካሙ ከንቱ ሆነበት ማለት ነው። ምስጢሩ ተገኝቶ ሊቃውንቱ ሲያደንቁ ግን ሥራው ተፈጸመ። የሸረሪቷ ነገር ተቃራኒ ነው። ሸረሪትነቷ የተገኘ ዕለት ትሞታለች ወይም ትራባለች። ባለቅኔው የሚደብቀው እንዲፈለግለት ነው፤ ሸረሪቷ የምትደብቀው ጨርሶ እንዳይፈለግባት ነው።

ሁለተኛ፥ የቅኔ ሰም አይደገምም። ጉባኤ ቃናም ይሁን መወድስ ወይም ዕጣነ ሞገር፥ ለዕለቱ አዲስ ሆኖ ይቀርባል እንጂ የትናንቱን ወይም የሌላውን መልሶ ማቅረብ ነውር ነው። የሸረሪቷ ሰም ግን ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው። የጠቀማትም ያው ሆኖ መቈየቱ ነው፤ ትናንት ጉንዳንን ፈርቶ ያለፈ ተርብ ዛሬም ያንኑ መልክ አይቶ ማለፍ አለበትና። ቅኔ በአዲስነት ይኖራል፤ መመሳሰል በመደጋገም ይኖራል።

ሦስተኛ፥ በቅኔ ውስጥ ሰሙም ራሱን የቻለ ትርጓሜ ያለው፥ በሰዋስውም የቀና መሆን ይገባዋል። ሰሙ የተጣመመ ቅኔ፥ ወርቁ የቱንም ያህል ቢከብር፥ በየኔታ ፊት ይመለሳል። በሸረሪቷ በኩል ግን የሰሙ ቅንነት የሚለካው በተመልካቹ ድክመት ነው። ከላይ እንደተባለው፥ እግሮቿ በእውነት ቀንድ አልሆኑም፤ የሚመለከታት ዓይን የዘገየ በመሆኑ ብቻ ቀንድ ይመስላሉ። ቅኔ የሰሚውን ትጋት ይፈልጋል፤ ሸረሪቷ የተመልካቹን ችኰላ ትፈልጋለች።

ይህን ካልን በኋላ ከንጽጽሩ የሚተርፍ ነገር የለም ማለት ግን አግባብ አይሆንም። የሚተርፈው «ለማን?» የሚለው ጥያቄ ነው። ግእዝ ለማያውቅ ሰው የቀረበ ቅኔ ሰምም ወርቅም የለውም፤ ዜማ ብቻ ይሆንበታል። የሸረሪቷም መልክ ተመልካቹ ካልታወቀ ሊፈታ አይችልም። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የሚርማራክኔ ወንድ ነው። መንጋጋዎቹ ወደ ፊት እጅግ ስለረዘሙ ጉንዳን መምሰሉን ያበላሹበት ይመስላል። ዚሜና ኔልሰንና ሮበርት ጃክሰን በ2006 ዓ.ም. ያወጡት ጥናት ግን ወንዱ ሌላ ነገር በአፉ የያዘ ጉንዳን እንደሚመስል አሳየ። ጉንዳንን የሚፈሩት አጥቂዎች እርሱንም ይፈሩታል። ጉንዳንን የሚበሉት ደግሞ፥ ሸክም የያዘ ጉንዳን በመንጋጋው መንከስ ስለማይችል፥ ይበልጥ ይመርጡታል። አንዱ ልብስ በአንዱ ፊት አዳነው፥ በሌላው ፊት አሳልፎ ሰጠው። እንግዲህ አንድ ሽፋን ሲገጥመን ሽፋኑ ምን ያህል ያማረ ነው ብለን ከመጠየቅ በፊት፥ በስንት ሰው ፊት ይቆማል ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ይህ ጥያቄ ከሸረሪት አልፎ ለእኛም የሚጠቅም መሆኑን በአንድ በታወቀ ሥራ ላይ ላሳይ። ፕሮፌሰር ዶናልድ ሌቪን በ1965 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ባሳተሙት «ሰምና ወርቅ» በተባለ መጽሐፋቸው፥ ይህን የቅኔ ሥርዓት የአማራን ኑሮና አስተሳሰብ ለመረዳት እንደ ቁልፍ ተጠቅመውበታል። ሁለት ፍች ያለው አነጋገር በማኅበራዊ ኑሮ አራት ጥቅም እንዳለውም ዘርዝረዋል፤ ለቀልድ፥ ሌላውን ሳይወቀሱ ለመስደብ፥ የግል ኑሮን ከሰው ጣልቃ ገብነት ለመሸሸግ፥ ባለሥልጣንን ለመንቀፍ። ዘመናዊ ሥራ ከሚፈልገው ግልጽ አነጋገር ጋር እንዴት እንደሚጋጭም አመልክተዋል። ዝርዝሩ የተመልካች ሰው ዝርዝር ነው፤ አራቱም በመካከላችን መኖራቸውን የሚክድ አይገኝም።

ሂሱ በዝርዝሩ ላይ ሳይሆን በመጠቅለያው ላይ ነው። በቀልድ ጊዜ ወርቁን ሁሉም እንዲያገኘው ይፈለጋል። በስድብ ጊዜ የተሰደበው እንዲያገኘው፥ ግን ከስሶ እንዳይረታ ይፈለጋል። የግል ኑሮን በመሸሸግ ጊዜ ማንም እንዳያገኘው ይፈለጋል። በባለሥልጣን ነቀፋ ጊዜ ደግሞ ወዳጅ እንዲያገኘው፥ ሹሙ እንዳያገኘው ይፈለጋል። ከእነዚህ ውስጥ ከሸረሪቷ ጋር በእውነት የሚመሳሰለው ሦስተኛው ብቻ ነው፤ እርሱም ከቅኔ በጣም የራቀው ነው። አራቱን በአንድ ስም መጥራት፥ ጉንዳን ሸሺዋንና ጉንዳን በላዋን በአንድ ስም እንደ መጥራት ያለ ነው። ከዚህም የተነሣ ለመገኘት የተሠራው ቅኔ፥ ላለመገኘት በተሠራው ሽሽግ ጥፋት አብሮ ይከሰሳል። አነጋገራችን ለዘመናዊ ሥራ አይመችም የሚባል ከሆነ፥ የማይመቸው የትኛው እንደሆነ ተለይቶ ይነገረን። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው የአንዲቱን ቃል ትርጓሜ ለማቅናት ሌሊት ሲያወጣና ሲያወርድ የሚያድር ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ልማድ ለላቦራቶሪ ሥራ ጠላት ሊሆን አይችልም።

በመጨረሻ ለሥራ የሚሆን አንድ አሳብ ላቅርብ። በጎጃም ደጋ የአገሩ ዛፍ ይበልጡን ተርፎ የሚታየው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው፤ የደብረ ኤልያስ ወረዳም ከደጋው ተነሥቶ እስከ ዐባይ ሸለቆ ይወርዳልና ብዙ ዐይነት ነፍሳት የሚፈለጉበት አገር ነው። ለዕረፍት ወደዚያ የሚሄድ ተማሪ በዛፍ ግንድ ላይ የምትሄድ «ጉንዳን» ስትገጥመው እግሮቿን ይቍጠር፤ ስትወድቅም በሐር ክር ተንጠልጥላ መቅረቷን ይመልከት። ሸረሪት ሆና ካገኛት ሦስት ነገር በሦስት ዓምድ ለያይቶ ይጻፍ፤ ማንን ትመስላለች፥ ምን ትበላለች፥ ማን አይቶ ያልፋታል። ሦስተኛው ዓምድ ለመሙላት ከሁሉም ያስቸግራል፤ ብዙ ሰዓት ተቀምጦ መመልከት ይጠይቃልና። ነገር ግን ያ ዓምድ ባዶ እስከ ሆነ ድረስ አስመሳይ ናት፥ አታላይ ናት፥ ሰምና ወርቅ ናት የሚለውን ቃል ባንጠቀምበት ይሻላል። ይህን አሳብ የሚቃወም ወይም የሚያሟላ ጽሑፍ ከቅኔም ሆነ ከሥነ ሕይወት ወገን ቢቀርብ፥ ለዚህ ቡለቲን አንባቢዎች ሁሉ ጥቅም ይሆናል።